ስለ ተግባራዊ ምርምር ጠይቁኝ፦ ለርዕሰ መምህራንና ለምክትሎች

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ርዕሰ መምህር፣ ኋላ የጉድኝት (በአንድ አካባቢ የተጣመሩ ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር ሆኜ ሠርቻለሁ። የዚህ ቡድን አባላት፣ ስለ ተግባራዊ ምርምር (አክሽን ሪሰርች) ጠይቁኝ፤ የራስን ትምህርት ቤት ችግር ራስ አጥንቶ፣ መፍትሔ ሞክሮ ውጤቱን ማየት ማለት ነው። አደራ የምለው አንድ ነው፦ ሳትቆጥሩ መፍትሔ አትጻፉ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ርዕስ ይስጡኝ።

መልስ፦ አልሰጥም። ርዕሱ ያለው እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የገጠር ርዕሰ መምህር ነኝ። ተማሪ በብዛት ይቀራል። መንስኤውን «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ብዬዋለሁ። እንዴት ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እንደዚሁ ብዬ ጀምሬ ነበር። ወላጅ ሰብስቤ ስለ ትምህርት ጥቅም ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ የስም መጥሪያዎቹን ሰብስቤ ቀሪውን በየቀኑ ለየሁት። ሐሙስ ሐሙስ ላይ የቀሪ ምልክቱ «ቀ» ተደርድሯል። ሐሙስ ገበያ ነው። በጾታ ስለየው ደግሞ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። እናት ገበያ ስትወጣ ሕፃን የምትይዘው ልጅቷ ናት። ያነሰው እጅ እንጂ ግንዛቤ አልነበረም!

ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር ተመካክረን ሐሙስን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምረን 4 ሰዓት ላይ መልቀቅ ያዝን። የጎደለውን ክፍለ ጊዜ ለሌሎቹ ቀናት አከፋፈልን። ስድስት ሳምንት ቆጠርን። የቅርብ ቀበሌ ልጆች ተመለሱ፤ ከሩቅ ጎጥ የሚመጡት ግን በዚያ ሰዓት መድረስ አቃታቸው። ስለዚህ ለነሱ ሁለተኛ ዙር ጀመርን። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ይህን ምርምር ሲያስተዋውቅ ማቀድ፣ መተግበር፣ ውጤቱን ማጣራት፣ ከዚያ እንደገና ማቀድ ያለው ይህንኑ ነው። በአንድ ዙር አያልቅም።

አንድ አባል፦ ካሌንደሩ የትምህርት ነው የገበያ? ወረዳ ይህን ያውቃል?

ሌላ አባል፦ እኛ ጋ ማክሰኞ ነው ገበያው። ልጅ ያልመጣበት ክፍለ ጊዜ ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው አባል፦ ዛሬ ለገበያ ከተፈቀደ ነገ ለአጨዳ ይጠየቃል።

መልስ፦ ወረዳውን በደብዳቤ አስፈቅደናል፤ አንድም ክፍለ ጊዜ አልቀረም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ናሙናው ስንት ይሁን?

መልስ፦ የራስዎ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉንም ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ለደረጃ እድገት የሚሆን የተሠራ ሪሰርች በሶፍት ኮፒ ይላኩልኝ።

መልስ፦ ርዕስ ለጠየቁት የመለስኩትን ያንብቡ። የሌላ ትምህርት ቤት ወረቀት የእርስዎን ተማሪ አይመልስም። ይቁጠሩ!

ጥያቄ፦ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። መምህራኑ «መረጃው ለአፈጻጸም ምዘና ሊውልብን ነው» ብለው መዝገብ ይደብቃሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ለምርምር የሰበሰቡት መረጃ ምዘና ውስጥ እንደማይገባ በስብሰባ ይናገሩ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ይስፈር። ከዚያ ከራስዎ ሥራ ይጀምሩ። እኔ ክፍል ከጎበኘሁ በኋላ ግብረ መልስ የምሰጠው በስንት ቀን እንደሆነ መዘገብኩ። አንዳንዱን ከሦስት ሳምንት በላይ አቆይቼዋለሁ፤ ጭራሽ ያልሰጠሁትም ነበር። ቁጥሩን እንዳለ መምህራን ማረፊያ ለጠፍኩት። በሳምንቱ አንዲት መምህርት የክፍሏን የውጤት መዝገብ ይዛ መጥታ «ይሄንንም አብረን እንየው» አለችኝ።