«ከ2 ሰዓት በፊት» የሚለውን ያመንኩ ዕለት

ጠያቂያችን፣ አነስተኛ ሱቅ እንደሚያስተዳድሩና በየድረ ገጹ እየዞሩ የከተማዎን ዜና ለማንበብ ጊዜ እንደሌለዎት ገልጸው፣ ከብዙ ምንጮች የአካባቢ ዜና የሚያሰባስበውን መተግበሪያ ብቻ ይዤ መቀጠል እችላለሁ ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ከሱቅዎ ፊት ያለው መንገድ «ከሰኞ ጀምሮ ለትራፊክ ይዘጋል» የሚል የማሳወቂያ ስክሪንሾትም አያይዘዋል። የእኔም ሥራ ከእርስዎ የተለየ አይደለም፤ ጊዜም እንደ እርስዎ ያጥረኛል። ስለዚህ የከፈልኩበትን ነገር በተራ በተራ ልጻፍልዎት።

አንደኛ፣ መተግበሪያው የሚያሳየውን ቀን አይመኑ። እነዚህ መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ዘጋቢ የላቸውም። የዜና ድረ ገጾችን ያለማቋረጥ የሚያስስ ፕሮግራም ያሰማራሉ፣ ወይም ድረ ገጾቹ ራሳቸው በአርኤስኤስ (አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በራሱ በሚያሳውቅ ዘዴ) የሚለቁትን ዝርዝር ይቀበላሉ፤ ከዚያም ርዕሱን፣ ፎቶውንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች አንስተው ያቀርባሉ። አንድ ድረ ገጽ የቆየ ጽሑፉን ነካ ካደረገ፣ ፎቶ ከቀየረ ወይም ይዘቱን ወደ አዲስ ሰርቨር ካዛወረ፣ ጽሑፉ የወጣበት ቀንና የታደሰበት ቀን ሊደባለቁ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙም ገጹን ትኩስ ዜና ነው ብሎ ከላይ ያስቀምጠዋል። ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም፤ ተቀጥቼበት ነው።

የንግድ ፈቃዴን የማድስበት ጊዜ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «የፈቃድ ማደሻ ጊዜ በአንድ ወር ተራዘመ» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ከ2 ሰዓት በፊት» የሚል ተጽፎበታል። ከጎኑ ያለው ፎቶ እኔው ራሴ በየዓመቱ የምሰለፍበት ሕንፃ ነው፤ መስኮቶቹን እንኳ ለየኋቸው። ደስ ብሎኝ ያዘጋጀሁትን ሰነድ ወደ መሳቢያ መለስኩት፤ ይባስ ብዬም ማሳወቂያውን ከጎኔ ላሉት ሁለት ነጋዴዎች ላክሁላቸው። ዜናውን ከፍቼ አላነበብኩትም። ርዕሱ ሁሉንም ነገር የነገረኝ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋይሌን ይዤ ስቀርብ፣ በመስኮቱ በኩል የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጊዜው አልፏል፣ ቅጣት አለው» አለችኝ። መራዘሙን ስነግራት «ማን አራዘመልህ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዕድሜ ታላቋ ብሆንም አንቱታው ቀርቶብኝ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። «እንግዲያውስ ስልክህ ያድስልህ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቅጣቱን የዚያኑ ዕለት ከፈልኩ፤ ሳቁን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሕጉ በኩል ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሆኖም ያ ጽሕፈት ቤት የማደሻውን ጊዜ ማብቂያ የለጠፈው ከበሩ ጀርባ፣ በሩ ሲከፈት በሚሸፈን ግድግዳ ላይ ስለነበር፣ ሰው በስልኩ ቢተማመን ምን ይገርማል?

ማታ ቤቴ ገብቼ ሊንኩን ስከፍተው፣ ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ከገጹ ግርጌ አነበብኩ። ዜናው ሐሰት አልነበረም፤ በጊዜው በእርግጥ ተራዝሞ ነበር። ጥያቄዎን ያነበብኩትም ከዚህ አንጻር ነው። ሰው ስለ ዜና ተአማኒነት ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው የፈጠራ ወሬን ነው፤ እኔን የጎዳኝ ግን የዛሬ ቀን የተለጠፈበት የድሮ እውነት ነው። ለመተግበሪያው ባለቤቶች ስጽፍላቸው «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ በደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ፤ ዜናው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳይነሳ ቆየ።

ሁለተኛው በምንጭ ብዛት አለመታለል ነው። ከማሳወቂያው ሥር «6 ምንጮች ዘግበውታል» የሚል ተጽፎ ነበር፤ እኔም ያን ቆጥሬ ልቤ ረክቶ ነበር። በኋላ ስድስቱንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ አምስቱ የመጀመሪያውን ቃል በቃል፣ የፊደል ስህተቱን ሳይቀር የገለበጡ ናቸው። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው አዘጋጅ ስህተቱን ቢያርም ወይም ጽሑፉን ቢያነሳ፣ ገልባጮቹ ዘንድ ያለው እንዳለ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጻፈው ነው። የፈጠራ ወሬ የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የገና ዋዜማ፣ ኒውስብሬክ የተባለው የአሜሪካ ዜና አሰባሳቢ መተግበሪያ በኒው ጀርሲ ግዛት ብሪጅተን በምትባል ትንሽ ከተማ የተኩስ ጥቃት ደርሷል የሚል ጽሑፍ አወጣ። የከተማዋ ፖሊስ ነገሩ ፍጹም ሐሰት መሆኑን አስታወቀ። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በ2024 እንደዘገበው ጽሑፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውጤት ሲሆን፣ የተነሳውም ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ መተግበሪያውም ጥፋቱን ይዘቱን ባገኘበት ድረ ገጽ ላይ ነበር የጣለው። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። አፕል በስልኮቹ ላይ የዜና ማሳወቂያዎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሳጠር ጀምሮ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን በግድያ የተጠረጠረ ሰው ራሱን ተኩሷል የሚል፣ ቢቢሲ ያልጻፈውን ርዕስ በቢቢሲ ስም አሳየ። ቢቢሲ አቤቱታ አቀረበ፤ አፕልም በጥር 2025 አገልግሎቱን ለዜና መተግበሪያዎች ለጊዜው አቋረጠው። እርስዎም ከርዕሱ በታች የሚያዩት አጭር መግለጫ የጋዜጠኛው ይሁን የማሽኑ ከስልክዎ ላይ ሆነው ሊለዩት አይችሉም። ገጹን ራሱን መክፈት ግድ ነው።

ከቅጣቱ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ሥራዬን የሚነካ ማሳወቂያ በመጣ ቁጥር ርዕሱን፣ መተግበሪያው ያሳየውን ሰዓት፣ በዋናው ገጽ ላይ ያለውን ቀንና የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በራሱ ገጽ ላይ ለጥፎት እንደሆነ በአራት ዓምድ እመዘግባለሁ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ስልክ እደውላለሁ እንጂ ገንዘቤንም ሰነዴንም አላንቀሳቅስም። መጀመሪያ ላይ የሳቁብኝ ጎረቤቶቼ ዛሬ «ይህች ነገር እውነት ናት?» እያሉ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሱቄ ይመጣሉ፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ማሳወቂያውን ከላክሁላቸው ሁለቱ አንደኛው ግን በእኔ ምክንያት ተቀጥቶ እስካሁን ሰላምታ አይሰጠኝም።

መተግበሪያውን ያጥፉት አልልዎትም፤ እኔም አላጠፋሁትም። ማሳወቂያውን ብቻ ዘግቼ ማታ ማታ፣ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ነው የማየው። ያያያዙት ዜና ላይ ግን «ሰኞ» ይላል እንጂ ሰኞ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ ስፈልገው፣ ይኸው አንቀጽ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንደወጣ አገኘሁት፤ ቀኑ በዋናው ጽሑፍ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት ለመንገዱ ኃላፊዎች ደውለው እስኪያረጋግጡ ድረስ ለዕቃ አምጪዎችዎ አትምጡ ብለው እንዳይነግሯቸው።