ቬነስ ምድርን ታክካ አልፋ ነበር?

ጥያቄ፦ ጸሐፊው ኢማኑኤል ቬሊኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ፕላኔቷ ቬነስ ከጁፒተር ወጥታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ ምድርን ታክካ አለፈች ይላል፤ ማስረጃው አፈ ታሪክ ነው። እንዴት ይመረመራል?

መልስ፦ ከአፈ ታሪኩ አይጀምሩ። ቀን የሌለው ትረካ ለፈለጉት ዘመን ይመቻል፤ ስህተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። አስቀድመው ቀኑ በስሌት የሚገኝ መዝገብ ይያዙ። የጥንቱ የአሦር መንግሥት የዓመታት ዝርዝር እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ሹም ስም ይጠራል፤ በአንደኛው ዓመት፣ ሲማኑ በሚባለው ወር ፀሐይ መጨለሟን ጽፏል። የሥነ ፈለክ ስሌቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ763 ጁን 15 ቀን ላይ ያርፋል። ከዚያ ሹማምንቱን ወደፊትና ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የዘመን ቅደም ተከተሉን የሚያሻሽል ሁሉ ይህን ግርዶሽ ማስረዳት አለበት።

አፈ ታሪክ ግን ከንቱ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ነባር የሆነው የክላማት ሕዝብ ስለ ተራራ መደርመስ የሚተርከው፣ ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት ከፈነዳው የማዛማ እሳተ ገሞራ ጋር ይገጥማል፤ ይህን ማለት የሚቻለው ግን ቀኑ የሚለካ አመድ ስላለ ነው።