በርበሬው ውስጥ ቀለም ተጠረጠረ፦ ከክሱ በፊት ናሙናው

ጥያቄ፦ ከገበያ 5 ኪሎ የተፈጨ በርበሬ ያለ ደረሰኝ ገዛሁ፤ የከፈልኩት በቴሌብር ነው። ወጥ ስሠራበት ዘይቱ ደም መሰለ፣ ልጄም ማታውኑ ሆዱን አመመው። ነጋዴው መጀመሪያ ካደኝ፣ አሁን ደግሞ «በርበሬውን አምጪና ገንዘብሽን ውሰጂ» ይለኛል። ልከሰው እችላለሁ? ፌስቡክ ላይ ባወጣውስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ፤ በርበሬውን ሙሉ በሙሉ ከመለሱለት ግን ማስረጃዎንም አብረው አስረከቡ ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ኪሎ ያስቀሩ።

የዘይቱ መቅላት ብቻውን ምንም አያስረዳም። የበርበሬ የተፈጥሮ ቀለም ራሱ የሚሟሟው በዘይት ስለሆነ ንጹሕ በርበሬም ዘይት ያቀላል። ሱዳን 1 የሚባለው፣ ለሰምና ለጫማ ቀለም የሚውለው የኢንዱስትሪ ማቅለሚያም እንዲሁ በዘይት ይሟሟል፤ የገረጣ በርበሬ ላይ ሲጨመር ዓይን የማይለየው ለዚህ ነው። በብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ቢበትኑ፣ ቀይ መስመር እየሳበ ከወረደ በውኃ የሚሟሟ ቀለም፣ ከሥር ሻካራ ደለል ከቀረ ደግሞ አሸዋ ወይም የጡብ ዱቄት ያስጠረጥራል። ሱዳንን ግን በዚህ መንገድ አያገኙትም።

ያስቀሩትን በሦስት ንጹሕና ደረቅ ብልቃጥ ይከፋፍሉ። ክዳኑን በፕላስተር ያሽጉ፣ ቀንና ቦታ ይጻፉ፣ ሁለት ምስክሮች ፕላስተሩ ላይ ይፈርሙ፤ ከዚያ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ይህም ሆኖ የተከሳሽ ጠበቃ «ወጥ ቤትሽ ውስጥ የተከፈተ ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ጠንካራው ናሙና ተቆጣጣሪ ራሱ ከሱቁ የሚያነሳው ነው። ነጋዴው ክምችቱን ሳይጨርስ ለከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያመልክቱ፤ የፌዴራሉ ነፃ መስመር 8482 ነው።

ላቦራቶሪ የሚመረምረው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «በርበሬው ይመርመርልኝ» ብለው አይጻፉ፤ «ሱዳን 1 እስከ 4፣ እርሳስ እና በአሲድ የማይሟሟ አመድ» ብለው ይጠይቁ። እርሳስ ሲባል መርዛማው ብረት (ሌድ) ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ አሸዋና ጡብን የሚያጋልጠው ነው።

ገንዘብዎን ለማስመለስ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከገዙበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ይሰጥዎታል። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ስለነበር አለመኖሩ መብትዎን አያጠፋውም። የቴሌብሩ ተቀባይ ግን የሱቁ ሠራተኛ ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አይተው የባለቤቱን ስም ይመዝግቡ።

በወንጀል በኩል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እና የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 527 አሉ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥ የተከለከለው ሰው እስኪታመም ተጠብቆ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ ሱዳን 1 ያለበት የሚጥሚጣ ዱቄት ወደ አንድ ሶስ ገብቶ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ሲወርዱ፣ ታማሚ ይቅረብ ያለ አልነበረም።

የካሣው ክስ ላይ ነው የምሰጋው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ምርት ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነጋዴዎ ራሱ አስፈጭቶ የሚያዘጋጅ ከሆነ ይመለከተዋል። ግን የልጅዎን የሆድ ሕመም ከሱዳን ጋር አያያይዙት። ይህ ቀለም በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር እንደ አኒሊን ያሉ አሚኖች የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎችን ይፈጥራል፣ በአይጦችም ላይ የጉበት ዕጢ አስከትሏል፤ የሚያሰጋው በጊዜ ብዛት እንጂ በአንድ ማታ አይደለም። የተከሳሽ ባለሙያ ይህን በሁለት ደቂቃ ያፈርስብዎታል። ውጤቱ እርሳስ ካሳየ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ በደም ምርመራም ይለካል። ያን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ልጁን ያስመርምሩና ውጤቱን በማኅተም ይያዙ። የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን ረጅሙ ነው የሚሠራው።

ፌስቡኩን ይተዉት። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይኖር የሱቁን ስም ካወጡ ነጋዴው ቀድሞ በስም ማጥፋት ሊከስዎት ይችላል፤ ክምችቱንም ለመደበቅ ጊዜ ያገኛል።