ጎማው በአዋሽ ሙቀት ይፈነዳል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ሳይክል ነጂ የሚጠይቀው ነው። አዲስ አበባ ላይ 60 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ያስሞላኸውን ሳይክል መኪና ጣሪያ ላይ ጭነህ አዋሽ ሰባት ልትወርድ ነው። ጎሚስታው ደግሞ «ሙቀቱ ያፈነዳዋል፣ ነፋሱን ቀንስ» ብሎሃል። እኔም በዚያ መንገድ ሳይክል ጭኜ ብዙ ተመላልሻለሁ። አትቀንስ።

ሰው የሚፈራው «አዲስ አበባ 20 ዲግሪ፣ አዋሽ 40 ዲግሪ፣ እንግዲህ ግፊቱ እጥፍ ሊሆን ነው» ብሎ ነው። ስሌቱ እንደዚያ አይሄድም። የአየር ግፊት ከሙቀት ጋር አብሮ ሲያድግ መነሻው ውሃ የሚረጋበት ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ነው። ከዚያ ስትቆጥር 20 ዲግሪ 293 ይሆናል፣ 40 ደግሞ 313። ጭማሪው 7 በመቶም አይሞላ።

ከፍታውም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጌጅ የሚያሳይህ የውስጡ ግፊት ከውጩ በስንት እንደሚበልጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የውጩ አየር የሚገፋው በ11 ፒኤስአይ ገደማ ነው። አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ስለሚወርድ 13 ይደርሳል። ስለዚህ ጌጁ 60 ሲልህ ውስጡ ያለው ሙሉ ግፊት 71 ነው። በ40 ዲግሪ 76 ገደማ ይሆናል። 13ቱን ቀንስለት፣ ጌጁ ላይ 63 ታያለህ። በቃ 3 ፒኤስአይ ናት! ጥቁሩ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ 60 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ከ68 አያልፍም። ከጎማው ጎን የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ እይና አወዳድር።

ታዲያ ፀሐይ ላይ የቆመ ሳይክል ለምን ይፈነዳል? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቀድሞ የተሠራ ነው። የውስጡ ጎማ በውጨኛው ጎማ ጠርዝና በቸርኬው መሃል ተቆንጦ ይቀራል፤ ትንሽ ግፊት ሲጨመርበት ጧ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ነፋስ ብቻ አስገባ። የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣትህ ወደ ውስጥ እየገፋህ በሁለቱም በኩል ዙሪያውን እይ። እንደ ጥቁር ክር ብቅ ያለ ነገር ካየህ አስተንፍሰህ እንደገና አስገባው። ሌላው ችግር የማደያ ኮምፕረሰር ነው። የተሠራው ለመኪና ጎማ ስለሆነ ቀጭን የሳይክል ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ከልኩ ያሳልፈዋል። እኔ በእጅ ፓምፕ ነው የምሞላው።

ሙቀት ከፈራህስ የአዋሽን ሳይሆን የፍሬንን ፍራ። ፍሬንህ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ከእንጦጦ ፍሬን እንደያዝክ ወርደህ ቸርኬውን ንካው። ጣትህን ያቃጥልሃል።

ስትመለስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አዋሽ ላይ በ40 ዲግሪ 60 ሞልተህ ከመጣህ፣ አዲስ አበባ ጠዋት በ10 ዲግሪ ጌጁ 55 አካባቢ ያሳያል። ጎማው አልተበሳም። ጎሚስታ ጋ ሄደህ ውሃ ውስጥ አታስነክረው፣ የጎደለውን በፓምፕ ጨምርና ንዳ።