መልስ፦ ጥቂት ነገር ግን ተመርጠው የተያዙ ልብሶች ስላላቸው ጥቅም

ቁም ሳጥንዎ ሞልቶ ሳለ ጠዋት ጠዋት የሚለብሱት እንደሚያጡ ገልጸው፣ ልብስ መቀነስ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የልብስ ማነስ ሳይሆን ያሉት ልብሶች እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። በቀለምና በቅርጽ የሚጣጣሙ 5 ሸሚዞችና 4 ሱሪዎች 20 የተለያዩ አለባበሶችን ይሰጣሉ፤ 2 ጃኬቶች ሲጨመሩ ደግሞ፣ ያለ ጃኬት የሚለበሰው ተቆጥሮ፣ 60 ይደርሳሉ። በአንጻሩ ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ሸሚዝ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቦታ ከመያዝ ያለፈ እምብዛም አያገለግልም። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዶና ካራን እ.ኤ.አ. በ1985 ለሠራተኛ ሴቶች ያቀረበችው፣ እርስ በርስ በሚቀናጁ 7 ልብሶች ላይ የተመሠረተው ስብስብ የታወቀውም በዚሁ ስሌት ነው።

ስለ ወጪ ሲያስቡ ከመግዣው ዋጋ ይልቅ ልብሱ ስንት ጊዜ እንደሚለበስ ቢያሰሉ ይሻላል። በእጥፍ ዋጋ ተገዝቶ 100 ጊዜ የሚለበስ ኮት፣ 10 ጊዜ ተለብሶ ከሚጣለው ጋር ሲነጻጸር፣ ለአንድ ቀን የሚያስወጣው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለማምረት 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚያስፈልግ የሚገመት በመሆኑ፣ ሳይለበስ የሚቀር ልብስ የሚያባክነው የእርስዎን ገንዘብ ብቻ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ጥቂት ልብሶች ቶሎ ቶሎ ስለሚታጠቡ ቶሎ ያረጃሉ፤ ስለዚህ ሲገዙ ስፌቱንና የጨርቁን ጥንካሬ አጥብቀው ይመርምሩ። የሚጠራጠሩባቸውን ልብሶችም ወዲያው አይስጡ፤ ለጥቂት ወራት በካርቶን አስቀምጠው ከመካከላቸው የትኛውን ፈልገው እንደሚያወጡ ይመልከቱ።