ማዳጋስካር ላይ ሰው የት ይኖራል? ለምን?

ስለ ማዳጋስካር አሰፋፈር ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸውና።

ጥያቄ፦ አገሩ ደሴት ነው። ዋና ከተማው ለምን ባሕር ዳር አልሆነም?

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቃል። አንታናናሪቮ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የደሴቲቱ መሃል ደጋ ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወባውም ከቆላው ይቀላል። ዋናው ነገር ግን ሩዝ ነው። ከከተማዋ ሥር ቤትሲሚታታትራ የሚባል ሰፊ ረግረግ ነበር። ነገሥታቱ ግድብና ቦይ እያሠሩ ወደ ሩዝ ማሳ ለወጡት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የነገሠው አንድሪያናምፖይኒመሪና በዚህ ሥራ በጣም ይታወቃል። ሩዙ ብዙ ሕዝብ መገበ፣ ብዙ ሕዝብ ደግሞ ለቦዩም ለጦሩም ጉልበት ሆነ። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለከፍታው መስጠት አይመስለኝም። ረግረጉን ያጠነፈፈው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ዝናቡ ያለው ምሥራቁ ጋ አይደል እንዴ?

ልክ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስ ተራራውን ሲገጭ ዝናቡን እዚያው ያወርደዋል። ግን ሜዳው ጠባብ ነው፣ ከጀርባው ገደል አለ፣ ሳይክሎን የሚባለው ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እንደዚያም ሆኖ ሰው አለ። ሰሜን ምሥራቁ በቫኒላ ይኖራል። ዋናው ወደብ ቶአማሲናም ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ከዋና ከተማው ጋር በባቡር ተገናኝቷል።

ጥያቄ፦ ደቡቡስ?

ደረቅ ነው። እሾሃማ ደን፣ ሻኛ ያለው ከብት፣ ተራርቆ የሰፈረ ሰው። ዝናብ ሲቀር ረሃቡ ከባድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የሆነው ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪካ አጠገብ ሆነው ቋንቋቸው ለምን ወደ እስያ ያደላል?

ቋንቋውን ያመጡት በባሕር የመጡ ሰዎች ናቸው። የአገሩ ቋንቋ የማላጋሲ የቅርብ ዘመድ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ባለችው ቦርኔዮ ደሴት ላይ የሚነገረው ማአንያን ነው። ሕዝቡ ግን የአፍሪካም የእስያም ደም አለው።

ጥያቄ፦ ከእኛ ደጋ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው?

ወባን ሽሽት ላይ፣ አዎ። እርሻው ግን ይለያል። የእኛ ገበሬ ጤፉን በዝናብ ያበቅላል፤ እዚያ ሩዙ ያለው ሸለቆው ውስጥ፣ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ነው። የማዳጋስካር ደጋ የድሮ መንደሮች ግን ጦርነት ስለነበረ ኮረብታ ላይ ነበሩ፣ ዙሪያቸውንም ጥልቅ ቦይ ይቆፈር ነበር። ገበሬው ጠዋት ወደ ማሳው ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ሰላም ሲሰፍን ብዙዎቹ ወደ ማሳቸው ጠጋ ብለው ሰፈሩ።