ጊታሩ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የእንግሊዞቹን የሮክ ባንድ አርክቲክ መንኪዝን የወደድኳቸው በ«ኤ ኤም» አልበም ነው። ጊታሩ ደረት ላይ ያርፋል፣ ከበሮው ቁጭ አያስብልም። «ዘ ካር» የሚለው አልበማቸው ሲወጣ በጉጉት ከፈትኩት። ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ! ሦስት ዘፈን ሰምቼ ዘጋሁት። ምን ነካቸው? ሮክ ሰለቻቸው እንዴ?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። «ኤ ኤም»ን ለወደደ ሰው ይሄ አልበም መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ግን ልጆቹ ድንገት አልተለወጡም። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው የሼፊልድ ልጆች ነበሩ፣ ስለ ከተማቸው የማታ ሕይወት ይዘፍናሉ፣ ጊታሩም እንደ ወሬያቸው ይሮጣል። በ2009 ድምፁ ከበደ፣ ጠቆረ። «ኤ ኤም» የመጣው በ2013 ነው።

ከዚያ በኋላ ፒያኖ ገባ። ዘፋኙ አሌክስ ተርነር 30 ዓመት ሲሞላው ማናጀሩ ስታይንዌይ ፒያኖ ሰጠው፣ እሱም ሎስ አንጀለስ ቤቱ አስቀምጦ ዘፈን ይጽፍበት ጀመር። የ2018ቱ አልበም የተወለደው እዚያ ነው። ጊታር ይዘህ ስትጽፍ እጅህ የለመደውን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመላለስ አጭር የጊታር ዜማ) ፍለጋ ይሄዳል። ፒያኖ ላይ ስትቀመጥ ግን ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ይበዛሉ፣ ዜማው ይዘገያል፣ ዘፋኙም መጮኽ አያስፈልገውም። የ2022ቱ «ዘ ካር» በዚያ ላይ ቫዮሊኖቹን ጨመረበት።

«ብቻ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ሁለተኛውን ዘፈን ድገመው፤ ዋ-ዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ መሣሪያ) የገባበት ጊታር ከላይ እስከ ታች ይጨፍራል። ሦስተኛው ደግሞ ፒያኖም አይደለም፣ ወፍራም ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) እና ድራም ማሽን (የኤሌክትሮኒክ ከበሮ) ነው፣ ከ«ኤ ኤም» ጋር የሚዛመደውም እሱ ይመስለኛል። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ሁለት ዘፈን ይጎተትብኛል፣ አልደብቅህም።

የሚያናድደኝ አምስተኛው ላይ ሳትደርስ መዝጋትህ ነው! «ቦዲ ፔይንት» ይባላል። ተርነር ድምፁን አቅጥኖ፣ በፒያኖ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ቫዮሊኖቹ እየተደረቡ ይሄዳሉ፣ አለቀ ስትል ያ የናፈቀህ ጊታር ብድግ ይላል፤ ሻካራ፣ ጯኺ፣ ዘፈኑን እስኪጨርስ የማይለቅ። ማታ ሰው ሲተኛ የጆሮ ማዳመጫህን አድርግና ከአንደኛው ጀምረህ፣ ሳትዘል፣ እዚያ ድረስ ሂድ። ከዚያ እንደገና ጻፍልኝ።